የአባቴ አነካከስ

ከቤት የወጣሁት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዝናብ ነበር። በኛ ከተማ በሚዛን "ዝናብ ነበር" ማለት "ሰማይ ነበር" እንደ ማለት ነው፤ ግን ካምፓላ ሆኜ ስጽፈው ደስ ስለሚለኝ ይጻፍ። ጎረቤቶች ለመንገዴ ሊጸልዩ መጥተው ነበር። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ጸለዩ፣ ጸለዩ፣ አንገቴ እስኪዝል ጸለዩ። ከአሜን በኋላ ጨሞ ቀረበ። ለማታውቁት፣ ጨሞ ከቡና ቅጠልና ከዝንጅብል የሚፈላ፣ ሚጥሚጣው ጉሮሮ የሚቆነጥጥ መጠጥ ነው። እኛ ቅጠሉን እንጠጣለን፣ ፍሬውን ለሌላው እንሸጣለን።

ከጎረቤቶቹ አንዷ ኩባያዋን አስቀምጣ፣ "አንተ ልጅ፣ ከመሄድህ በፊት አባትህን አሳየን እስቲ" አለችኝ።

ተነሣሁ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አደርገዋለሁ። አባቴ ሲራመድ መጀመሪያ ቆም ይላል፣ መሬቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። ቀጥሎ እግሩን ከዳሌው አዙሮ ይወረውረዋል፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል፣ ከዚያ ይናገራል። ሁሉንም አደረግሁት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ "እኔ ብሞት እንኳ ይህ ልጅ በእግሬ እየሄደ ሰው ያሳስታል" አለ።

ስለዚህ እግር ልንገራችሁ። በኛ አገር የማር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፣ ዛፉም ባለቤት አለው። ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የቀፎ ዛፍ ተጣልተው ቆንጨራ እስከመማዘዝ ደረሱ። ስድስት ሽማግሌ ተቀምጦ አልቻላቸውም። አባቴ ሰባተኛው ነበር። ምንም ሳይናገር የንብ ማባረሪያ ጢስ ይዞ ዛፉ ላይ ወጣ፤ ቀፎውን አውርዶ ማሩን ዓይናቸው እያየ ሊያካፍላቸው። ቅርንጫፉ ተሰበረ። ወንድማማቾቹ በሳንቃ ተሸክመው ሚዛን አወረዱት፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ጠባቸውን ያነሣ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በቡና መሬት ወይም በቀፎ ዛፍ ሰው በተጣላ ቁጥር "ጋሽ ማርቆስ ይምጣ" ይባላል። እያነከሰ ሲገባ ሰው ይነሣለታል። የሚናገረውም መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለም። ሌላው ሽማግሌ የሚከበረው በሽበቱ ነው፣ አባቴ በእግሩ። ቤት ውስጥ የሳቅንበት የኛ ስለሆነ ነው። ውጭ ግን የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። ይህን ልዩነት ያን ማታ አውቀው ነበር። አላወቅሁም ብዬ አልዋሻችሁም።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ገባሁ፣ የፊልም ተዋናይ ልሆን። ማንም ሳያስተምረኝ የጻፍኳቸውን ግጥሞች በሦስት ደብተር ይዣለሁ፤ ተዋናይ ለመሆን ግጥም የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር። ተዋናይ የሚመርጠው ሰውዬ ደብተሩን አልከፈተውም።

"ከየት ነህ?"

"ከሚዛን።"

"ተናገር እስቲ።"

"ምን ልናገር?"

"በቃ፣ ይበቃል። ዘበኛ ትሆናለህ።"

ሦስት ጊዜ ዘበኛ ሆንኩ። በሦስተኛው "ጌታዬ የሉም" የምትል ንግግር ነበረችኝ፤ ቆረጧት። ፊልሙ ሲታይ በሩን እከፍታለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ መኪናው ይገባል። ይኸው ነው። አንድ ደላላ "ካምፓላ የገባ ሰው በሁለት ዓመት ካናዳ ነው" ሲለኝ አላንገራገርኩም። አሁን ካምፓላ አራተኛ ዓመቴ ነው።

ከሞያሌ በኋላ በከብት መኪና ሄድን፤ ፍተሻ ሲደርስ ደግሞ ወርደን በጫካ ዞርን። ጫካ ይበሉት እንጂ እሾህና ድንጋይ ነው፤ እኔ ጫካ ከሚባል አገር ስለመጣሁ ቃሉ አሳዘነኝ። አሥራ አንድ ነበርን። ተስፋዬ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ሁለት ቀን አጠገቤ ተራምዷል፣ ውሃውንም አካፍሎኛል። በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ፖሊሶች ከበቡን።

አላሰብኩበትም። ቆም አልኩ፣ እግሬን ከዳሌዬ አዙሬ ወረወርኩና ወደቅሁ። አንዱ ፖሊስ "ፖሌ፣ ፖሌ" እያለ ቀረበኝ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። ብብቴን ይዞ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፣ ውሃ አጠጣኝ። ሌሎቹ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አመሻሽ ላይ እነሱን ጭኖ ወደ ድንበር የሚመልስ መኪና መጣ። እኔን ፖሊሱ አየኝና፣ "ይኼ ደግሞ ተለቆስ የት ይደርሳል?" ብሎ መንገዱን አሳየኝ። ተስፋዬ ከመኪናው ላይ አየኝ። ሁለት ቀን አብረን ተራምደናል፣ እግሬን ያውቀዋል። ለፖሊሶቹ አልነገረብኝም። እኔም መኪናው እስኪሰወር እያነከስኩ ሄድኩ።

ካምፓላ ስደርስ ሚዛን የተመለስኩ መሰለኝ። ቀይ ጭቃ፣ ሙዝ፣ ዛፍ ሥር ወድቆ የሚበሰብስ አቮካዶ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይቀጠር የሚመጣ ዝናብ። ሰላምታቸው አያልቅም፣ በዚህ ከኛም ይብሳሉ። ግን ማቶኬ የሚሉት አለ፣ ያልበሰለ ሙዝ ቀቅለው ያደቀቁት። ከሩቅ ሳየው የኛን ነገር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጎረስኩ፤ ጨውም፣ በርበሬም፣ ምሕረትም የለውም። ጎደሬም አላቸው፣ ግን እንደ እንግዳ ልጅ ጥግ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። መምሰልን የመሰለ ጨካኝ ነገር የለም። ፍጹም የማይመስል አገር ቢሆን ኖሮ ሰው ተስፋ ቆርጦ ያርፍ ነበር።

ቤት ያከራየችኝን ማማ ሮዝ እላታለሁ።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ተዋናይ ነኝ። ሰው አስቃለሁ።"

"እስቲ እኔን አስቀኝ።"

የአባቴን አካሄድ አደረግሁላት። አልሳቀችም። ፊቷ በሐዘን ተሞላ።

"ልጄ፣ በዚህ እግር ደረጃ አትወጣም። ምድር ቤቱን እሰጥሃለሁ፣ ዋጋው ግን የላይኛው፣ የርካሹ ይሁን።"

"እማማ፣ እኔ እኮ…"

"አታመስግነኝ። እግዚአብሔር ያያል።"

ምድር ቤቱ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ቢሆንም ከላይኛው ይሰፋል። ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ገባሁ። ከዚያ ጀምሮ ግቢ ውስጥ አነክሳለሁ። በሩን ወጥቼ መታጠፊያው እስክደርስ አነክሳለሁ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ጤነኛ ነኝ። እሷ ዘይት ቀብታ እግሬን አሽታኛለች። አልሳቅሁም።

ቢኒያምን ያገኘሁት አበሾች በሚበዙበት በካባላጋላ ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ በስልኩ አጫጭር ቀልድ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። ከግቢው ወጥቼ መታጠፊያውን ካለፍኩ በኋላ ማንከሴን ማቆም ረስቼ ምግብ ቤቱ ስገባ አይቶ ሳቀ።

"ይኼን ደግሞ ከየት አመጣኸው?"

"የአባቴ ነው።"

"አባትህ ሳይሆን እንጀራህ ነው። ነገ ና።"

በማግሥቱ ጋሽ ዱብ ተወለደ። ጋሽ ዱብ ከቡና አገር ካምፓላ የመጣ ሽማግሌ ነው። ቆም ይላል፣ እግሩን ይወረውራል፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል፣ የማይረባ ምክር ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ነገር ላይ ዱብ ይላል፤ ከወንበር፣ ከደረጃ፣ ከሞተር። ሰው አበደለት። ሦስት ደብተር ግጥሜን ያላነበበ ሁሉ ስወድቅ አየኝ። ተጠይቄ የማላውቀውን "አብረን ፎቶ እንነሣ" ተጠየቅሁ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ ብሎኛል።

ለስደተኛ ወረቀት ቃል የምሰጥበት ቀን እንኳ አስተርጓሚው ገና ሳየኝ አፉን ያዘ። ሹሙ ምን እንደሆነ ጠየቀው፤ ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ተመለከተ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እዚህ አድርገው።"

ከወንበሩ ዱብ አልኩ። ሁለቱም ሳቁ፣ ከጎረቤት ክፍል ሰው መጣ፣ ደገምኩት። ሹሙ ዓይኑን እየጠረገ ፋይሌን ዘጋ።

"ጥሩ ሰው ነህ። ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ።"

ስለ ስደቴ አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

የእህቴ የምሕረት ስልክ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

"አባዬ ትናንት ለሽምግልና ሄዶ ነበር" አለችኝ። "እኔም አብሬው ነበርኩ።"

"እሺ።"

"ሲገባ ማንም አልተነሣም። ልጆቹ 'ዱብ፣ ዱብ' አሉ። ትልልቆቹ መጀመሪያ ተቆጧቸው። አባዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን እነሱም አልቻሉም፤ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ሳቁ።"

"እሱ ምን አለ?"

"ምን ይላል? ተቀመጠ። ሌላ ሰው ተናገረ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ተወው በቃ" አለች። "እባክህ ተወው።"

"ምን ልብላ?"

"ድሮ ምን ትበላ ነበር?"

ለቢኒያም ነገርኩት። ሌላ ሰው ልሁን፣ ዘበኛ እንኳ ልሁን አልኩት። "ዘበኛ ማን ያያል?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ሳምንት ጋሽ ዱብን ሁለት ጊዜ ቀረጽን። ማንም አላስገደደኝም። ርቦኝ አይደለም፤ ሰው ሲያውቀኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። ለምሕረት የነገርኳት የምግቡን ብቻ ነው።

አንድ እሑድ አባቴ ራሱ ደወለ። ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነበር።

"ዝናብ አለ እዚያ?"

"አለ አባዬ።"

"ጎደሬስ?"

"አለ። አያከብሩትም እንጂ አለ።"

ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለት ጊዜ።

"አየሁት" አለ። "ምሕረት አሳየችኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።"

"አባዬ፣ እኔ…"

"ቆይ። በዚህ ነው የምትበላው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ብላ። ሽምግልናውን ትቼዋለሁ። አርጅቻለሁ፣ ሌላ ሰው አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የኔ እኮ ቀኙ ነው።"

"ምኑ?"

"እግሬ። አንተ የምታነክሰው በግራ ነው። መጀመሪያ የምሕረት ስልክ የገለበጠው መስሎኝ ነበር፣ ጽሑፉን አየሁት፣ አልተገለበጠም። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ልጅ መጣና ምን አለኝ መሰለህ? 'አባባ፣ ተሳስተሃል፣ በግራ ነው እንጂ' አለኝ። በገዛ እግሬ።"

ሳቀ፣ ወይም የሳቀ መሰለኝ።

"የኔ ከሆነ የኔ ይሁን። በቀኙ አድርገው። ሌላ አልለምንህም።"

"እሺ አባዬ" አልኩ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ አሰብኩ። መጀመሪያ የቀረጽን ቀን የቢኒያም ግቢ ጠባብ ነበር፣ ግድግዳው በቀኝ በኩል ነው። "በግራ አንክስ፣ ፊትህ ይታየኝ" አለኝ። እግሬን ቀየርኩ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በማማ ሮዝ ግቢም በግራ እያነከስኩ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ያን እሑድ ከአፉ ባልሰማው ኖሮ፣ ብትጠይቁኝ በግራ እላችሁ ነበር።

ሐሙስ ስንቀርጽ በቀኙ ሞከርኩት። ቆም አልኩ፣ እግሬን ከዳሌዬ ለመወርወር አዞርኩት። አልመጣልኝም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የጤነኛ ሰው እግር ነው። ደገምኩት። እንደ ሰካራም ሆንኩ።

"ቁም" አለ ቢኒያም። "ምን ሆነሃል ዛሬ?"

"ቀኙ ነው።"

"ምኑ?"

"የአባቴ። ቀኙ ነው።"

"አባትህን ማን ያውቀዋል ወንድሜ? ሰው የሚያውቀው አንተን ነው። በል በግራ።"

በግራ አደረግሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጽነው፤ እንዲህ ያማረ ጋሽ ዱብ ወጥቶልኝ አያውቅም። ቅዳሜ ተለቀቀ።

እሑድ ስልክ ጠበቅሁ፤ አልጠራም። አመሻሽ ላይ እኔው ደወልኩ። ምሕረት አነሣች። ከጀርባዋ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማል።

"አባዬስ?"

"ውጭ ነው።"

"በዚህ ዝናብ?"

"ውጭ ነው አልኩህ።"

"አየው?"

"አየው።"

"ምን አለ?"

"ምንም" አለች። "እስከ መጨረሻው አየውና ስልኬን መለሰልኝ።"