ጋሼ ያልወረደባቸው ማረፊያዎች

ከአዲስ አበባ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ታላቅ ወንድሜን ኤልያስን ወደ ወናጎ ቤታችን ልመልሰው ተነሳሁ። እኔ ጋሼ ነው የምለው። አሪቻ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ለዓመታት ጆንያ ተሸክሟል። አልቆ የነበረው የዳሌው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ተተክቶለታል።

«ቁስሉ ከመዳፍህ አይበልጥም» አለኝ ሐኪሙ። «ጡንቻውን ብዙ ሳንቆርጥ፣ ገለል አድርገን ነው የገባነው። ስለዚህ ቶሎ ይራመዳል።» በማግስቱ በክራንች አራመዱት። ስንወጣ ወረቀት ሰጡኝ፤ ኪኒኑን በሰዓቱ ይውሰድ፣ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አይቀመጥ፣ መንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ይራመድ ይላል። አንብቤ ኪሴ ከተትኩት።

አውቶብሱ ውስጥ ሰው ሁሉ «ለበሽተኛው!» ብሎ የኋላውን ወንበር ለቀቀልን። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሱ ሥር አደረጉለት። አጋደምነው።

ዝዋይ

«ልውረድ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለ።

«ተኛ ጋሼ። ምሳህን አመጣልሃለሁ።»

«ወረቀቱ ምን ይላል? የተማርከው አንተ ነህ።»

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ እናትየው። «በሽተኛ አቧራ ላይ አይንከራተትም።»

ጋሼ ሳቀ። «በቃ ንጉሥ ሆንኩ። ዓሣዬ ይምጣ!»

የተጠበሰ ዓሣ ገዛሁ። እሾሁን ለቅሜ አጎረስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሻሸመኔ

ዝናብ ነበር። «በሽተኛው ይወርዳል?» አለ ሾፌሩ።

«ተኝቷል» አልኩ። አልተኛም ነበር። መስኮቱን እያየ ነበር።

ሀዋሳ ላይ ልውረድ ብሎ አልጠየቀኝም።

ወናጎ

ዲላ አሥር ሰዓት ገባን። ከዚያ ባጃጅ ይዘን፣ በእንሰቱና በቡናው መሃል ቤት ደረስን። ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀናል። ጎረቤታችን እትዬ አየለችም መጥተዋል። እሳቸውም በሚቀጥለው ሳምንት ለዚሁ ሕክምና ሊሄዱ ነው።

«እስቲ ቁስሏን አሳየኝ» አሉት። አይተው፣ «ይቺን ብቻ? እኔ የምፈራው ምኑን ኖሯል!»

ጋሼ ራሴ እገባለሁ ብሎ በክራንቹ ተነሳ። ሦስት እርምጃ ሄደ። «ትንፋሽ አጠረኝ» አለ። በዚያው ባጃጅ ወደ ዲላ ሐኪም ቤት መለስነው። ሳንደርስ መንገድ ላይ ሕይወቱ አለፈ።

«ኪኒኑን ወስዷል?» አለኝ የዲላው ሐኪም።

«በሰዓቱ።»

«መንገድ ላይ ተራምዷል?»

«አልወረደም።»

«ከእግሩ የረጋ ደም ሳምባው ደርሶ ይሆናል። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልህም» አለ።

እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ብናወርደው ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። ልውረድ ማለቱን ግን አውቃለሁ። ለበሽተኛ ማሰብ ማስተኛት ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

በማግስቱ ጠዋት

ድንኳን ሲተከል እትዬ አየለች ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን አውጥቼ፣ ስለ መራመድ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

«ሰው ይተኙ ቢልዎትም ከአውቶብሱ ይውረዱ» አልኩ።

ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ወደ ድንኳኑ አብረን ሄድን። መሃል መንገድ ላይ አቃሰቱ። ይቀመጡ ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት። ቆሜ ጠበቅኳቸው፣ ከዚያ ቀጠልን።