ባዶውን የማይሄድ ፒካፕ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እኩዮቼ ሁለተኛ ልጃቸውን አዝለው ገበያ ሲወጡ እኔ የአጎቴን ፒካፕ ኮፈን ከፍቼ አንገቴን ሞተሩ ውስጥ ቀብሬ እውላለሁ። እናቴ ከደጅ እያየችኝ "ይቺ ልጅ ናፍጣ እንጂ ባል አይሸታትም" ትልና ትስቃለች። ስትስቅ ግን ዓይኗ ብዙም አይስቅም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከወሎ በወጣትነቱ መጥቶ ጋምቤላ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ እሸጥለታለሁ። መካኒክነትን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዕቃ ሊገዛ የመጣን ሾፌር ሁሉ "ይሄ ምን ይሠራል? ቢበላሽስ ምን ያመጣል?" እያልኩ አደርቀዋለሁ። የቀረውን ከስልኬ ላይ እያየሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እየፈታሁ ተማርኩት። ፈትቼ መልሼ ያልገጠምኩት ነገርም ነበር፤ እሱን አጎቴ አይወቅ።

ፒካፑ ባለቱርቦ አሮጌ ናፍጣ ነው። ሥራው የአጎቴን ሚስት ዓሣ ማመላለስ ነበር። እሷ ዓሣውን ከኢታንግ ትረከባለች፣ በበረዶ ታሽጋለች፣ አጎቴ በቡሬ አድርጎ ደጋው ላይ ጎሬ ያወጣዋል። ሜዳው ላይ ችግር የለም። አቀበቱን ሲጀምር ግን መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ማርሽ በማርሽ ይወርድና አንደኛ ላይ ሆኖ እንደ ታማሚ ይጎተታል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሳይቀር ጡሩምባ እየነፋ ያልፈዋል። እስኪወጣ ድረስ በረዶው ውኃ ይሆናል፤ ጎሬ ያሉት ደንበኞችም ሳጥኑ ሲከፈት አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላሉ።

አንድ ቀን አጎቴ ከዚያ መንገድ ተመለሰና ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ "በቃ፣ ልሸጠው ነው" አለ።

ገዢውም ተገኝቶለታል፣ ጎሬ ያለ ነጋዴ ነው። "የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓሣ ይዤ እወጣለሁ። ልክ እንደ ዛሬው ካደረገኝ ዓሣውን አራግፌ ቁልፉን ለሰውዬው ሰጥቼ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ወላሂ!"

ሚስቱ የዓሣ ሳጥኖቿን እያጠበች ሰማችው። ጾሙ ሲገባ ደጋው ዓሣ ፈላጊ ነው፤ የዓመት ንግዷ ያኔ ነው። መኪናው ከሄደ የዓሣው ነገር አበቃ። እኔም ብሆን ያለዚያ ፒካፕ እጄን የማስገባበት ሞተር አልነበረኝም። የራሱን መኪና ለሴት ልጅ የሚከፍት ሾፌር በከተማው ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ነገሩን ያዝኩት። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያጭቅ ማራገቢያ ነው። አየሩ ከልክ እንዳያልፍ በጎኑ ትንሽ በር አለው። ግፊቱ ሲሞላ አየሩ በቀጭን ቱቦ ሄዶ በሩን ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጭሱም ቱርቦውን ሳይነካ በጎን ያመልጣል። የኛ ቱርቦ በር ሞላው ስላረጀ ገና ኮሽ ሲል ይከፈታል። ሞተሩ አየር ሳይጠግብ ናፍጣውን ይበላል፤ ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው። አዲስ ከአዲስ አበባ እናስመጣ ስለው አጎቴ "ለምሸጠው መኪና?" ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

እንግዲያው በዚያ ቀጭን ቱቦ መሃል ቆሞ አየሩን "ቆይ፣ ገና ነው" የሚል ዘበኛ መሥራት አለብኝ። ከአሮጌ ቡታጋዝ የናስ መጋጠሚያ ፈታሁ፣ ከተሰባበረ ኩሽኔታ አንዲት የብረት ኳስ አወጣሁ፣ ከበር ቁልፍ ሆድ ደግሞ ትንሽ ሞላ። ኳሷ ቀዳዳውን ትዘጋለች፣ ሞላው ይጫናታል፣ ከጀርባ ያለውን ቡሎን ባጠበቅኩት መጠን አየሩ ኳሷን ለመግፋት ይታገላል። በጎማ መንፊያ ስሞክረው ልክ ነበር። መኪናው ላይ ስገጥመው አንዴ ብቻ ወንድ ሆነና ከዚያ በኋላ ከበፊቱም ባሰ። ጠዋት ፈታሁት፣ ከሰዓት ፈታሁት። ምንም የለውም። ተናድጄ ቱቦውን ስነቅለው "ጵስ" አለ። ለካ ኳሷን አልፎ የገባው አየር መውጫ አጥቶ በሩን እንደከፈተ እዚያው ተኝቶ ኖሯል! በቀጭኗ መብሻ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አበጀሁለት፣ አበቃ።

ቀጥሎ ግፊት መለኪያ ያስፈልገኛል። ጎረቤታችን ጎሚስታውን የጎማ መለኪያውን አውሰኝ ስለው "የእናንተ መኪና ጎማው ሆዱ ውስጥ ነው እንዴ?" አለኝ። ቢሆንም ሰጠኝ። ከሞተሩ ቱቦ ስቤ በመስኮት አስገባሁና መለኪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ድካም ብቻ ነበር። ንዴቱ የጀመረው ሙከራው ላይ ነው።

ሙከራ ማለት አንድ ነገር ለውጦ የቀረውን እንደነበረ መተው ነው። ያው መንገድ፣ ያው ማርሽ፣ ያው ጭነት። ይህንን ለአጎቴ ደጋግሜ አስረዳሁት። በዓሣው ልክ ከባሮ ዳር አሸዋ በጆንያ ሞልቼ ጫንኩ። ቡሎኑን ሩብ ዙር አጥብቄ በኢታንግ መንገድ ወጣን። ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መርገጫው እስከ ወለሉ። መርፌው ተነሣ፣ ተነሣ፣ ተነሣና ወደቀ። አጎቴ ፍሬን ይዟል።

"ጋሼ፣ ለምን ቆምክ?"

"ሰው ነዋ!"

"ሙከራ ላይ ነን እኮ!"

"እሱ ሙከራ ላይ አይደለም፣ ፀሐይ ላይ ነው።"

ሽማግሌ ናቸው፤ ዶሮና አንድ ፌስታል ይዘዋል። አጎቴ እኔን ከጋቢና አስወርዶ እሳቸውን አስገባ። ሽማግሌ ከኋላ አይጫንም አለ። መለኪያውን አስጨብጫቸው አሸዋው ላይ ወጣሁ። መኪናው ሲነሣ ጣሪያውን እየደበደብኩ ጮህኩ።

"አባባ፣ መርፌው የት ነው?"

"ላይ!"

"ላይ ስንት?"

"ላይ ላይ!"

"ቁጥሩን፣ አባባ!"

"አሁን ታች! አጎትሽ ቆመ!"

ቆሟል። ሁለት ረጃጅም የኑዌር ወጣቶች "ማሌ! ማሌ!" ብለው በቋንቋቸው ሰላም እያሉ አጠገቤ ዘለሉ፤ ከነሱ በኋላ አንዲት እናት ከነማሽላ ጆንያቸው። ጭነቱ ስንት ነው ቢሉኝ የማልመልሰው ሆነ። ወጣቶቹ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አንደኛው በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ፦

"ታዲያ ቡሎኑን ጨርሰሽ አጥብቂውና ተገላገይ።"

"ከበዛ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ይሰነጠቃል፣ ሞተሩ ይሞታል።"

"ሳይሞክሩ እንዴት ይታወቃል?" አለ ጓደኛው፤ ማሽላ የያዙት እናትም "እውነቱን ነው" አሉ። መኪናው የማን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አንድ ቀን ፍየል ነበረች፣ አንድ ቀን መዝሙር ሊያጠኑ የሚሄዱ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች። እነሱ እስከ ኢታንግ እየዘመሩ ስለሄዱ አጎቴ ዜማው እንዳይቋረጥ ብሎ በቀስታ ነዳ። በቀስታ! በምን ቋንቋ ልንገረው? ሁዳዴ እየቀረበ ነው፣ በእጄ ያለው ደግሞ "ላይ ላይ" እና "ታች" ብቻ።

በመጨረሻ እራት ላይ ፈነዳሁ። "ጋሼ፣ መኪናውን መሸጥ ከፈለግክ ዝም ብለህ ሽጠው፣ እኔን አታድክመኝ!" አልኩት። አጎቴ እጁን ታጥቦ፦

"ሰው እጁን ዘርግቶ እያየሁ እንዴት ልለፍ? አስተምሪኛ።"

"ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርገህ ነዋ" አለች ሚስቱ። እስከዚያ ቀን በነገሩ ገብታ አታውቅም። "ለአንድ ቀን ነው። ለማንም አልቆምም ብለህ ማል።"

"ለማንም?"

"ለማንም። ወላሂ በል።"

ማለ።

በማግስቱ ማልደን ወጣን። በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘግቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንገቱን አድርቆ ይነዳል። መንገደኛ እጁን ባነሣ ቁጥር "አስተግፊሩላህ" ይላል። በሙቀቱ ሁለታችንም ተቀቀልን፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ። መርፌው ተነሥቶ ከፈለግኩት ቦታ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከኋላ ጭስ የለም። ልክ ያኔ ከፊታችን ጥቁር ጃንጥላ የያዘች አጭር ሴት ከመንገዱ ዳር ታየች። የሚስቱ እናት ናቸው፤ ኢታንግ ሱቅ አላቸው።

"ጋሼ..."

"ዝም በይ፣ ምዬአለሁ!"

መጀመሪያ አንድ እጃቸውን አነሡ። መኪናውን ሲለዩት ሁለቱንም አነሡ። ስናልፋቸው ጃንጥላው ነበር የተነሣው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። በዕድሜዬ እንደዚያ የቆመ መርፌ አይቼ አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ስልኩ ቀድሞናል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

"እናቴን አቧራ አልብሰህ አለፍክ?"

"አንቺ አይደለሽ ያስማልሽኝ!"

"ለማንም ማለት እናቴንም ነው?"

"ሙከራው ተሳክቷል" አልኩ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ ወደ ኮፈኑ ሄድኩ።

እርቁ ብዙ አስለመነ። በመጨረሻ አሮጊቷ አንድ ነገር ጠየቁ፦ ጎሬ ያለች እኅታቸውን ካዩ ቆይተዋልና ከዓሣው ጋር ይውሰዳቸው፣ ያውም ጋቢና። አጎቴ በደስታ እሺ አለ። እኔ በአሮጊቷና በበሩ መሃል ተጣብቄ፣ ጃንጥላው ጎኔን እየወጋኝ፣ መለኪያውን ይዤ የሁዳዴ ዋዜማ ዕለት ተነሣን። ከኋላ ዓሣው በበረዶ ሞልቷል። መኪናው ይሸጣል አይሸጥም የሚለው እዚያች መርፌ ላይ ነበር፤ አጎቴም አንዳንዴ በጎን ያያታል።

አቀበቱን በሦስተኛ ጀመረው። ወደ ሁለተኛ አወረደ፣ እዚያው ቆየ። መርፌው ቀጥ ብሏል፣ ሙቀቱም ደህና ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና አለፍን። አጎቴ ጡሩምባውን ነፋበት፤ ሳያስፈልግ ደግሞ ደገመው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ኩርባዎቹን እቆጥራለሁ፤ የመጨረሻው ነው ገደሉ። የዚያው ኩርባ መካከል ላይ ስንደርስ አሮጊቷ በጃንጥላቸው ወደ ፊት ጠቆሙ።

"ሰው ቆሟል።"

ልጅ ያዘለች ሴት ናት።

"እማማ፣ አቀበት ነው" አለ አጎቴ።

"እኔን ያለፍከኝስ ሜዳ ላይ ነበር።"

"ጋሼ፣ እንዳትቆም!" አልኩ። "እዚህ ከቆመ አይነሣም፤ ይህንን አልሞከርኩትም!"

ፍሬን ያዘ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን አልጽፈውም። ሴትዮዋ ከነልጇ ዓሣው ሳጥን ላይ ወጣች። አሮጊቷ ደህና አደርሽ አሏት፣ ቤተሰቧን ጠየቁ፣ ልጁ ወንድ ነው ሴት አሉ። የእጅ ፍሬኑ ይንቋረራል። አጎቴ አንደኛ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። መኪናው ወደኋላ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ። ኳሷን አሰብኳት፣ ያቺን የበር ቁልፍ ሞላ አሰብኩ። ቱርቦው ሲያፏጭ ሰማሁ፣ መርፌው ብድግ አለ፣ መኪናውም ተነሣ። ሁለተኛ ገባ። ከኩርባው ወጣን።

"ይኸው!" አሉ አሮጊቷ። "ምን ያስጮኽሻል?"

ጎሬ ስንገባ ሳጥኑ ሲከፈት በረዶው ገና በረዶ ነበር። ነጋዴው ሻይ ቤት ደጅ ላይ ይጠብቀናል፤ የሚገዛውን መኪና በዓይኑ እየዞረ ያየዋል። አጎቴ ሻይ አዘዘለት፣ ከጎኑ ተቀመጠና "አልሸጠውም፣ አትቀየመኝ" አለው። ሰውዬው ብዙም አልተቀየመም። ማታ ማደሪያችን ውስጥ ቡሎኑን ማንም እንዳይነካው በሽቦ አሰርኩት፤ በዚህ ጭነት ልክ የተሠራ ነውና ከዚህ በላይ አይጫንበት ብዬ አጎቴን ለመንኩት። ገብቶኛል፣ በአላህ ገብቶኛል አለ።

ጋምቤላ በተመለስን ሳምንት አጎቴ ፒካፑን ብየዳ ቤት ወሰደው። ከዓሣው ሳጥን ግራና ቀኝ ለተሳፋሪ የሚሆን አግዳሚ ወንበር አስበየደ፣ ላዩን ሸራ አለበሰው።