የእትዬ አስካለ ዓሦች

የምሠራበት ክሊኒክ ወለል ጠዋት ጠዋት በበረኪና ይወለወላል። ባልደረቦቼ ሽታው ሲከረፋቸው መስኮት ይከፍታሉ። እኔ ግን ባልዲው አጠገብ ትንሽ እቆያለሁ። ያ ሽታ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ይመልሰኛል፤ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ።

እትዬ አስካለ ከደጋ አገር መጥተው እዚህ የከረሙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ሾፌር የነበሩት ባላቸው ከናይሮቢ አንድ አኳሪየም በፍራሽ ጠቅልለው አምጥተውላቸው፣ ዓመት ሳይሞላ አረፉ። ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚገባበት ከተማ፣ ያ የመስታወት ገንዳና አምስት ብርቱካንማ ዓሦቹ ጉድ ነበሩ። ከጎልቦ ቆላ ፍየል ሊሸጡ የሚመጡ ሰዎች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዩት ነበር።

ገንዳው ውስጥ የሚተከለውን የውሃ ቅጠል የሚያመጣላቸው ጉዮ የሚባል የቡቲዬ መንደር ሰው ነበር፤ እሱም የጭነት መኪና ሾፌር። ቅጠሉን በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከናይሮቢ ድረስ ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ያመጣዋል። እትዬ አስካለ ግን ወዲያው ገንዳ ውስጥ አይከቱትም። አንድ ኩባያ በረኪና በአሥራ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ ይበጠብጡና ቅጠሉን ይነክሩታል። ሰዓት ስለሌላቸው አቡነ ዘበሰማያት ቀስ ብለው ሦስት ጊዜ ይደግማሉ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቅልቀው፣ ሽታው እስኪጠፋ ለብቻው ባልዲ ውስጥ ያሳድሩታል። ከሌላ ዓሣ ጋር የኖረ ቅጠል በሽታም ቀንድ አውጣም ይዞ እንደሚመጣ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የነከሩበትን ውሃ አይደፉትም፤ በረንዳውን ያጥቡበታል።

አንድ ቀን ለለቅሶ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻገሩ። ጉዮ ቅጠል ካመጣ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ እንድጠብቃቸው ነግረውኝ ነበር። ቅጠሉ ሲመጣ ግን አረንጓዴነቱ አላስችል አለኝ። ዓሦቹ በመሃሉ ሲሽሎኮሎኩ ማየት ፈልጌ፣ እንዳለ ገንዳው ውስጥ ተከልኩት። ሲመለሱ ቅጠሉን በበረኪና እንደነከርኩት፣ እንዳለቀለቅኩትም ነገርኳቸው። አመኑኝ፤ እንዲያውም ጎሽ አሉኝ።

ብዙ ሳይቆይ ዓሦቹ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ነጠብጣብ አወጡ። አንድ በአንድ ሞቱ፤ አንዱ ብቻ ተረፈ። እትዬ አስካለ የሞቱትን በጨርቅ እየጠቀለሉ ጓሮ ቀበሯቸው። እኔ ሳላለቅስ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ጉዮ ሲመጣ፣ ያመጣው ቅጠል በሽተኛ እንደነበረና ሁለተኛ እንዳያመጣ ነገሩት። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ምሳውን ሌላ ቤት ይበላ ጀመር። በመንገድ ሲያገኘኝ ግን እንደ ድሮው ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኝ ነበር። ያ ጥያቄው ነው ያሸነፈኝ።

አንድ ቀትር ላይ እትዬ አስካለ ሽንኩርት ሲልጡ ሄጄ፣ «ቅጠሉን አልነከርኩትም ነበር» አልኳቸው።

ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ነጠላቸውን አነሱ፤ ምግብ ቤቱን በምሳ ሰዓት ዘጉት። እጄን ይዘው መኪኖቹ ወደቆሙበት ሜዳ ወሰዱኝ። ጉዮ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቅ ነበር። እኔ እንድናገር ይገፉኛል ብዬ ስጠብቅ ቀድመውኝ ተናገሩ።

«ጉዮ፣ ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። ይቅር በለኝ።»

ከዚያ እኔን አዩኝ። የተናገርኩት ሁሉ በሳግ የተቆራረጠ ነበር። ጉዮ ግን ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝ።

«ፖሌ፣ ማማ» አላቸው። በስዋሂሊ አዝናለሁ፣ አይዞዎት ማለቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «በሚቀጥለው አመጣልሻለሁ። አንቺው ትነክሪዋለሽ» አለኝ።

አመጣም። እኔ ኩባያውን ስቆጥር እትዬ አስካለ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወጥ ያማስሉ ነበር፤ አንዴም ዞረው አላዩኝም። ስለዚያ ጉዳይም ዳግመኛ አላነሱብኝም።

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆዩ። ምግብ ቤቱ አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ወር የሰባት ዓመቷ ልጄ የሰበረችውን የክፍል መስኮት በጓደኛዋ አሳብባ፣ እኔም አምኛት የልጅቷን እናት በመንገድ ላይ ተናግሬያት ነበር። እውነቱን ስትነግረኝ ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ነጠላዬን አነሳሁ፤ እጇን ያዝኩና ሄድን። የጓደኛዋን ቤት በር አንኳኩቼ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።