ጋራዥ ሲገባ የማይጠፋው መብራት

አባቴ መኪናውን ዲላ ወደምሠራበት ጋራዥ ባመጣ ቁጥር የፊት መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል። አበራዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ሽቦውን ይዤ እነቀንቃለሁ፣ ኮፈኑን በቡጢ እመታለሁ፤ ወይ ፍንክች። እሱ ግን ከይርጋጨፌ ቡና ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ድርግም ይልበታል።

«ይጠፋና ይመለሳል» ይለኛል። «እስከ አምስት እስክትቆጥር ድቅድቅ ነው።»

እኔ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነኝ፤ በሥራዬም ኩራተኛ ነኝ። ሌላው ያቃተው መኪና ወደ እኔ ሲላክ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ስለዚህ ይህ በዕድሜ የሚበልጠኝ አሮጌ ባለተሳቢ ሲጫወትብኝ ውስጤ ይቃጠል ነበር። ዳሽቦርዱን ስፈታ ያየሁት የሽቦ ጥልፍልፍ የስንት ጋራዥ እጅ እንዳረፈበት እግዜር ይወቀው። ሁሉም የራሱን ጨምሯል፤ የሌላውን የነቀለ የለም።

«መቼ ነው የሚጠፋብህ?» አልኩት።

«መኪና ከፊት መጥቶ ሲያልፈኝ።»

ይህን ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ። መኪና ከፊት ሲመጣ ሾፌር መብራቱን ዝቅ ያደርጋል፤ እንግዲያው ብልሽቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እጀታ ላይ ነው። ቀየርኩት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ለመብራቱ ኤሌትሪክ የሚለቀውን ሪሌ ቀየርኩ። አሁንም መጣ። የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ስጠይቀው «ሁሉም ነው የሚጠፋው» አለኝ። ሁሉም ከጠፋ ባትሪውን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ማየት ነው። አየሁት፤ እውነትም ዝጎ ነበር። ፍቄ አዲስ አሰርኩና ያን ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት አባቴን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«የሰው መኪና ሲሆን ታበራለህ፣ የአባትህ ሲሆን ታጨልማለህ!» አለኝ።

ጋራዡ በሳቅ አውካካ። በያጁ የሚበይደውን ብረት ትቶ ተነሳና «ይሄ መኪና ሽቦ አይደለም፣ ጸሎት ነው የሚፈልገው፤ እሁድ ቸርች ይዘነው እንሂድ» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ፈርቼ ነበር። አባቴ ረዳቱ ባጃጅ ልንዳ ብሎ ከተለየው ወዲህ ብቻውን ነው የሚነዳው። በዚያ መንገድ ደግሞ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። እስከ አምስት እስኪቆጠር ያ ሁሉ ብረትና ቡና በጨለማ ምን እንደሚያገኝ ባሰብኩ ቁጥር እጄ ላይ ያለው ፒንሳ ይከብደኛል። በቀን ብቻ ንዳ ስለው ተቆጣኝ። እውነቱን ነው፤ ቡናው ተጭኖ ሲያልቅ ይመሻል።

«እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት።

ይህ ቀድሞ ለምን እንዳልታሰበኝ ሳስብ አሁንም በራሴ እናደዳለሁ። በእኛ ሙያ ሾፌር ጠፋ ካለ ጠፍቷል ነው። ሾፌሩ አባትህ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አትጠራጠርም።

ተሳቢውን ፈትተን ሲመሻሽ ወደ ወናጎ ወጣን። ቴስተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዝናብ አባርቶ ነበር፤ መብራታችን እርጥቡን አስፋልትና ግራ ቀኙን ያለውን እንሰት ወለል አድርጎ ያሳያል። ወናጎ ልንደርስ ስንል ሚኒባስ ከፊት መጣ። አባቴ መብራቱን ዝቅ አደረገ። ሚኒባሱ አለፈን።

«ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። «አየህ? አየህ አይደል? አሁን ጠፋ!»

መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። በቀኛችን ጠርዙን ይዛ የምትሄድ ሴት አለች፤ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር ይታየኛል። መኪናው ቀስ እያለ ወደ እሷ ያዘነብላል።

«አባዬ፣ ቁም!» ብዬ መሪውን ወደ ግራ ሳብኩት። ፍሬኑን ረገጠና ቆምን። ሴትየዋ ዞራ እንኳን ሳታየን መንገዷን ቀጠለች።

አባቴ ደስ ብሎታል። እስከዚያ ድረስ እንደ ውሸታም የቆጠርኩት መስሎት ኖሯል። «በል ውረድ፣ ሳይመለስ ድረስበት!» አለኝ። ወረድኩ። ምን ልሠራ እንደወረድኩ አላውቅም። ቴስተሬን ይዤ ከመኪናው ፊት ቆምኩ፤ ሁለቱም መብራቶች ደረቴ ላይ አፍጥጠዋል። የምነካው ሽቦ፣ የምቀይረው ዕቃ የለም። ስንቱን መኪና ጠግኜ፣ የጠፋው የአባቴ ዓይን ሲሆን እንደ ሕፃን እጄ ባዶ ሆነ። ማልቀስ አማረኝ።

በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ፣ ፊት ለፊትህ።»

«አገኘኸው?»

«አባዬ» አልኩት፤ «መብራቱ በርቷል።»

ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን በመስኮት ዘረጋልኝ።