የይሕደጎ መቶ አርባ ችግኞች

ይሕደጎ ገብረእዝጊ ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ ሠርቷል። አስተማሪ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ግን «ቲቸር» ይሉታል፣ እሱም አያርማቸውም። ሥራው ጠርሙስ ማጠብ፣ አሲድ ማቅጠን፣ ከሁሉ በላይ ግን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምንነቱን ጽፎ መለጠፍ ነው። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ካገኘ፣ ውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ቢመስልም ይደፋዋል። አንዳንድ አስተማሪዎች በዚህ ይስቁበታል።

የሚኖረው ገርጂ ነው፤ ከአንድ ፎቅ ቤት የላይኞቹን ሁለት ክፍሎች ተከራይቶ። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር፤ ትዳሩ አልሰነበተም፣ ልጅም አልተወለደም። ክፍሎቹ ጠባብና ጨለም ያሉ ናቸው። እዚያ ያቆየው ሰገነቱ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አይለየውም።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት አንዲት የውጭ አገር የባዮሎጂ አስተማሪ ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትሄድ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዘር ሰጠችው። ከጤፍ ትንሽ የሚተልቅ ነው። «ካክተስ ነው» አለችው፣ «እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ዓይነት። ከታገስክ ያብባል።»

ይሕደጎ ታገሠ። ለመንገድ የሚደለደለውን ሬዳሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር በወንፊት ነፋው፤ ሻጋታ እንዳይዝበት በብረት ድስት ቀቀለው፤ ከዚያ ክዳን ባለው የኬክ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ዘሩን በስቴኪኒ ጫፍ አንድ በአንድ አሰፈረ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥቦች አየ። ዓመት ሲሞላቸው ገና የአውራ ጣት ጥፍር ያህሉ ነበር። በስምንተኛው ዓመት ከመካከላቸው አንዱ፣ ከይሕደጎ ቁመት ያለፈውና ሰማያዊ የሚመስለው፣ ነጭ አበባ አወጣ። በዚያው ወር አንድ አጭሩ ደግሞ በቀይ አበበ።

ሰማያዊው የአዲስ አበባን ክረምት ይችላል፤ ሦስት ወር ዝናብ ቢወርድበት አይበሰብስም። ቀዩ ግን ነሐሴ በመጣ ቁጥር ይታመማል። ሁለቱን ቢያዳቅላቸው ክረምት የሚችል ባለ ቀይ አበባ ዓምድ ሊወጣ እንደሚችል አሰበ፣ ሐሳቡም ያዘው። ከዚያ ወዲያ በአበባ ወራት ሁሉ፣ አበቦቹ ማታ ተከፍተው ጠዋት ፀሐይ ሲጠነክር ስለሚከስሙ፣ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጎሕ ሲቀድ ሰገነት ላይ ነው። የአንዱን ብናኝ በውሃ ቀለም ብሩሽ አንስቶ ለሌላው ይቀባል። ከእርጎ ዕቃ በቀደደው ነጭ ፕላስቲክ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጽፋል፣ የዘሩን እናትና አባት ደግሞ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። እርሳስ በፀሐይ እንደማይለቅ በሥራው ያውቃል።

ዐምና ክረምት ቀዩ ከሥሩ መበስበስ ጀመረ። ይሕደጎ ከደህናው ክፍል ላይ ቆረጠው፤ መሃሉ ቡናማ ሆኖ ነበር። ከፍ አድርጎ ቆረጠው፤ አሁንም ቡናማ። እንዲህ እያለ ጫፉ ድረስ ሄደ። በመጨረሻ እጁ ላይ የቀረው ጭብጥ የምታህል ቁራጭ ነበረች፣ እሷም ሳምንት አልቆየች። ከቀዩ የተረፉት ልጆቹ ብቻ ሆኑ፤ በደብተሩ «ሃያ ሦስት ቁጥር» የተባሉ ሠላሳ አንድ ችግኞች። ከሌሎች አምስት ድቅሎች ችግኞች ጋር በጠቅላላው መቶ አርባ ናቸው። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ጣት የሚያክሉ፣ ሁሉም እሾሃም። አንዱን ከሌላው የሚለየው አጠገቡ የተሰካው ነጭ ፕላስቲክ ነው።

ታላቅ እህቱ ፍረወይኒ ከመቐለ የመጣችው ያ ክረምት አልፎ ጥቅምት ላይ ነው። ፊሊሞን የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጇ በጦርነቱ ሞቷል። የመርዶው ቀን ስሙ ተነገራት፤ የት እንደወደቀና የት እንደተቀበረ የነገራት ግን አልነበረም። ይሕደጎ ደጋግሞ ደውሎ፣ ለምኖ፣ «ትንሽ አየር ለውጪ» ብሎ አመጣት። መጥታም እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ብዙ አትናገርም። ቤቱን አንድ ጊዜ ታጸዳዋለች፣ ከዚያ በድጋሚ ታጸዳዋለች፣ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች።

ሰገነቱን መጀመሪያ ያየች ቀን «ይበላል?» ብላ ጠየቀችው።

«አይበላም።»

«የማይበላ በለስ» አለች፣ እሾሃሙ በለስ በሚበላበት አገር ያደገች ናትና።

ጥር ላይ የይሕደጎ የሐሞት ጠጠር ተነሳበትና ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አይቀርም አሉት። ሆስፒታል ሊተኛ ሲሄድ ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ቆመና አደራ ያላት አንድ ነገር ነበር።

«ውሃ እንዳታበዢባቸው። በሳምንት አንዴ፣ በዚህች ኩባያ።»

«እሺ፣ ሓወይ» አለችው። በቋንቋቸው ወንድሜ ማለት ነው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራው።

ሦስት ቀን ትተኛለህ የተባለው፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። በየቀኑ እየደወለ ውሃውን ይጠይቃታል፤ በየቀኑም በልኩ እንዳጠጣች ትነግረዋለች። እውነቷን ነበር።

የተመለሰ ቀን ታክሲው በር ድረስ አመጣው። ፍረወይኒ በግራ ክንዱ ሥር ገብታ ደረጃውን ቀስ እያለች አወጣችው። ክፍሉ ሲደርሱ ግን አላስቀመጠችውም፤ «መጀመሪያ ና እይ» ብላ ወደ ሰገነቱ መራችው። ፊቷ ላይ ከመጣች ጀምሮ ያላየው ነገር ነበር። እየሳቀች ነው ማለት ይቻላል።

ሰገነቱ ታጥቦ ያበራል። የእርጎ ዕቃው፣ የተቆረጠው የውሃ ፕላስቲክ፣ ጆሮው የተሰበረው ሲኒ፣ ይሕደጎ ችግኝ ሊተክልበት በዓመታት የሰበሰበው ዕቃ ሁሉ የለም። መቶ አርባዎቹ ችግኞች አንድ ዓይነት አዲስ ጥቁር የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ገብተው፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል።

«ከችግኝ ማፍያው ነው ላስቲኩን ያመጣሁት» አለችው። «አራት ቀን ፈጀብኝ። አንድም ሥር አልበጠስኩም። አየህ እጄን?» እጇን ዘረጋችለት። ጣቶቿ በእሾህ ተወጋግተው አባብጠዋል።

ይሕደጎ እጇን አየ፣ ችግኞቹን አየ፣ እንደገና እጇን አየ። ነጭ ነገር በዐይኑ ፈለገ፤ አንድም የለም።

«ነጫጮቹ ፕላስቲኮች...» ብሎ ጀመረ።

«ቆሻሻውን? ከአሮጌው ዕቃ ጋር ከረጢት ሞልቼ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠኋቸው። ሐሙስ መጥተው ወሰዱት።»

ይሕደጎ የበሩን መቃን ያዘ። ቁስሉ ያመመው መስሏት ደገፈችው። እህቱ ፊቱን እያየች መልሱን ትጠብቃለች።

«ደግ አድርገሻል» አላት። «በጣም ደግ አድርገሻል።»

ከዚያ ገብቶ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሰፈሩን ቆሻሻ የምትሰበስበው ገንዘቤ ስትመጣ፣ ስፌቱ ገና ሳይወጣለት ሆዱን ደግፎ ወደ በሩ ወረደ። ፍረወይኒ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ከረጢቱ ጠየቃት።

«ያ ካለፈው ሳምንት ነው፣ ጋሼ» አለችው ገንዘቤ። «በማግስቱ መኪና ጭኖት ሄዷል። ዋጋ ያለው ነገር ነበረበት?»

«አይ፣ ምንም አልነበረበትም» አለና ደረጃውን ተመልሶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ልፋት ብቻ ነው። ደብተሩ አልጠፋም፤ ሁሉም ነገር እንዳለ ተጽፎበታል፤ እናቱ፣ አባቱ፣ ቀኑ፣ ስንት ዘር እንደበቀለ። የትኛው መስመር የየትኛው ችግኝ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ይሕደጎ ከትምህርት ቤቱ አጉሊ መነጽር አምጥቶ ሸንተረሮቻቸውን ቆጠረ። የእሾሁን ርዝመት ለካ። የቆዳቸውን ቀለም በጠዋት ብርሃንና በቀትር ብርሃን አነጻጸረ። ቅዳሜ ሙሉ ሠርቶ «እነዚህ ሃያ ሦስት ናቸው» ብሎ ሠላሳ አንዱን ለየ፤ እሑድ እንደ አዲስ ሲሞክር ከሠላሳ አንዱ ዘጠኙን ብቻ ደገማቸው። ሲያብቡ ይታወቃሉ። እስኪያብቡ ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመት አለ። እሱ ሃምሳ ዘጠኝ ሞልቶታል፤ ሰገነቱም የአከራዩ ነው።

ሊቆጣ የሚችልበት ሰው ቢኖር ይሻለው ነበር። የሚቆጣበት አጣ። እህቱ በየጠዋቱ ኩባያዋን ይዛ ትወጣለች፤ ነፋስ ያመጣው ቅጠል ካለ ታነሳለች፤ አንዳንዴም በትግርኛ ለብቻዋ ታንጎራጉራለች። ትታው የነበረውን ምሳ መብላት ጀምራለች። ይህን ሁሉ እያየ እንዴት ብሎ ይንገራት?

መጋቢት መጀመሪያ ላይ እዝራ መጣ። እዝራ ከለሚ ኩራ የሚመጣ የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ ካክተስ የሚወዱ ሰዎች ዘር በሚለዋወጡበት የቴሌግራም ግሩፕ ተዋውቀው፣ ይሕደጎ ከሃያ ሦስት ቁጥር ዐሥር ችግኝ ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ቆመና ግራ ገባው።

«ጋሽ ይሕደጎ፣ ታጎቹስ፣ ምልክቶቹ?»

ፍረወይኒ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር።

«ላድሳቸው ብዬ አንስቻቸው ነው» አለ ይሕደጎ።

«ሁሉንም አንድ ላይ? ታዲያ ሃያ ሦስትን በምን ይለያሉ?»

«አውቃቸዋለሁ።» ይሕደጎ ጎንበስ ብሎ ዐሥር ችግኝ ከዚህም ከዚያም አንስቶ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠለት። እዝራ ካርቶኑን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ ከዚያም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

ፍረወይኒ ሲኒዎቹን አላነሳችም። ሰገነቱ ላይ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ነጫጮቹ ፕላስቲኮች ናቸው?» አለች።

«የቶቹ?»

«አትዋሸኝ፣ ሓወይ። የየራሳቸው ስም ነበር የተጻፈባቸው?»

ይሕደጎ ቆመ። «ቁጥር ነው» አለ። «ስም አይደለም። ቁጥር ብቻ ነው።»

«እንደገና መጻፍ ይቻላል?»

ይቻላል ሊላት ፈለገ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሆነውን ነው ብሎ አንድ ዕቃ ላይ ጽፎ አያውቅም፤ አሁን ግን አንድ ቃል ቢያወጣ እህቱን ባሳረፈ። ዘገየ። መዘግየቱ መልስ ሆነባት።

«ጭቃ መስሎኝ ነው» አለች። «ጭቃ የነካው ቁራጭ መስሎኝ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ እኔ ነኝ ልነግርሽ የሚገባኝ። ስለ ውሃው ብቻ ነገርኩሽ።»

«በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አንዱንም አልገደልኩም።»

«አንዱንም አልገደልሽም፣ ፍረ። ሁሉም ደህና ናቸው፣ እያቸው።»

አላየቻቸውም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ይሕደጎ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ቁስሉ ሲታጠፍ ቆነጠጠው። ሊያጽናናት እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ ትከሻዋ አልተንቀሳቀሰም። ከታች መንገዱ ላይ የታክሲ ረዳቶች «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላሉ። ሁለቱም እንደዚያው እንደተቀመጡ ፀሐዩ ግድግዳው ጋ ደረሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍረወይኒ ሰገነቱ ላይ አልወጣችም። ይሕደጎ ዘዴ ሞከረ፤ «ዛሬ አርፍጃለሁ፣ አጠጪልኝ» ብሎ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ ትቶላት ሄደ። ማታ ሲመለስ ኩባያው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ አገኘው፤ አፈሩ ደረቅ ነበር። ሌላ ቀን ለምኗት፣ ሌላ ቀን ተቆጥቶ ሞከረ። «እንዳላበላሽብህ» ትላለች፣ ሌላ አትልም። ምሳም ቀረ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ማየት እንደገና ጀመረች።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችው። አልተጣላችውም፤ ቤቴ ይሻለኛል አለች እንጂ። ይሕደጎ ክረምቱን እንድትሰነብት፣ ቢያንስ በዓሉን አብረው እንዲውሉ ጠየቃት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሻንጣዋን ተሸክሞ ኤርፖርት ድረስ ሸኛት፤ መኪና ውስጥ ሁለቱም ስለ አየሩ አወሩ።

ችግኞቹ አሁንም ሰገነቱ ላይ ናቸው። እዝራ አንድ ቀን ደውሎ ከሰማያዊው እናት እንደ አዲስ እንዲጀምር መከረው። ቀዩ አባት ግን የለም፤ ከእሱ የተረፈውም ከመቶ ሠላሳዎቹ መካከል የት የት እንደቆመ አይታወቅም፣ ምናልባት የተሻሉት በእዝራ ካርቶን ሄደዋል። ይሕደጎ በሳምንት አንዴ ያጠጣቸዋል። ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ይሸፍናቸዋል፣ ሲያባራ ይገልጣቸዋል።

ፍረወይኒን በየእሑዱ ይደውልላታል። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ ለአዲስ ዓመት ተመልሳ እንድትመጣ ጠየቃት። ትኬቱን እንደሚቆርጥላት፣ ክፍሏን ቀለም እንዳስቀባላት፣ መስኮቱ አሁን በደንብ እንደሚከፈት ነገራት። በስልኩ ውስጥ ከጀርባዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«እዚያ መጥቼ ምን እሠራለሁ፣ ሓወይ?» አለችው።

ይሕደጎ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ችግኞቹን አያቸው። እሷም ትንሽ ጠብቃ፣ ሰላም ዋል ብላው ዘጋችው።