ከቀኝ የተነበበው ሥዕል

ማሂራ መሳል ትችላለች። ይህን የምለው አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስለሠራች አይደለም። ከመናኸሪያው እስከ ጅሬን ዳገት ዓይን የሚይዝ ታፔላ ካያችሁ ግማሹ የእሷ እጅ ነው። ያቃጠላት መሳሉ ሳይሆን መማሩ ነው፤ ያውም አንድ ትምህርት፣ «የሥዕል ሂስና ባህላዊ ዐውድ» የሚባል።

የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ናት። ዲግሪውን ካልያዘች አንድም መሥሪያ ቤት የሥዕል ባለሙያ ብሎ አይቀጥራትም፣ እኔ ታፔላ ሱቅ ውስጥ ቀለም እያሸተተች ታረጃለች። ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፋ ይሄ አንዱ ቀራት። አንዴ ወድቃበታለች። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል ይላል።

መምህሩ ደምመላሽ ይባላል። «ሥዕል የሁሉም ቋንቋ ነው» ማለት ይወዳል። በሁለተኛው ዙር፣ ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ሥዕል ውሰዱና ለማን ምን እንዳለ መርምሩ ብሎ የቤት ሥራ ሰጠ። ማሂራ የደዶውን ፖስተር መረጠች።

ያን ፖስተር ደዶ ገጠር ውስጥ ላለ አንድ መንደር የገበሬዎች ማኅበር የሠራነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያዘዙን ሰዎች «ገበሬው አያነብም፣ ፊደል እንዳታስገቡ» አሉን። በግራ በኩል ቡናውን መሬት ላይ ያሰጣ ከሲታ ሰውዬ፣ በባዶ እግሩ። በቀኝ በኩል ያው ሰውዬ ቡናውን የሽቦ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ወፍሮ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ። አልጋ ሥሩና ቡናችሁ አይሻግትም፣ ያልፍላችኋል ማለት ነው። እኔም አይቼ አመሰገንኩ። ነገር ግን በዚያ መንደር አንድ ሰው እንኳ አልጋ አልሠራም፤ ማኅበሩም ገበሬው ሰነፍ ነው ብሎ ተወው።

ማሂራ ደዶ ሄዳ ፖስተሩን መስጊድ በር ላይ ለተቀመጡት ለሼኽ አብዱልሃዲ ዘረጋችላቸው።

«አባ፣ ይሄ ምን ይልዎታል?»

ሼኹ ጣታቸውን ወፍራሙ ሰውዬ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ሰውዬ ደህና ኑሮ ነበረው። ሽቦ ገዛ፣ አልጋ ሠራ።» ጣታቸው ወደ ግራ ሄደ። «ከዚያ ከሰረ። ቡናውን መሬት ላይ አሰጣ፣ ጫማውም ሄደ። ልጆቼን ሽቦ የሚባል እንዳትገዙ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።»

ሼኹ ከልጅነታቸው ቁርዓን ሲቀሩና ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ይጀመራል፣ ሥዕሉንም ከቀኝ ጀመሩት። አያነብም የተባለው መንደር አንብቦ ኖሯል፣ ያውም በጥንቃቄ። ማሂራ እየሳቀችም እያፈረችም ተመለሰች፤ ሳምንት ሙሉ ጻፈች።

ወረቀቱ ወድቆ መጣ። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሼኽ አብዱልሃዲ ማን ናቸው? የታተመ ምንጭ ይጠቀስ» የሚል ነበረበት።

«ሄደሽ አትነግሪውም?» አልኳት።

«ነገርኩት እኮ፣ እትዬ ቆንጂት። ይሄ ወሬ እንጂ ጥናት አይደለም አለኝ።»

ደሜ ፈላ። የክፍል ጓደኞቿ ስሙን እንኳ አስተካክለው ስለማይጠሩት አገር ሥዕል የተጻፈውን ከኢንተርኔት ገልብጠው፣ የራሳቸው ሥዕል ላይ ለጥፈው አልፈዋል። እሷ ሰው ጠይቃ ወደቀች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? በሦስተኛውና በመጨረሻው ዙር ማሂራ ያንኑ ትምህርት ለመስማት ተቀመጠች። ደምመላሽ ፕሮጀክተሩን አበራ። «በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ሥዕል ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ይታወቃል» ይላል ግድግዳው ላይ የወጣው ጽሑፍ። ከሥሩ ከሲታው ሰውዬና ወፍራሙ ሰውዬ፣ ጫማው ሳይቀር።

እጇን አወጣች። «መምህር፣ ምንጩ ማን ነው?»

«ይሄ በመስኩ የታወቀ ነገር ነው» አላት፣ ፊቱ እንኳ ሳይለወጥ።

እኔ ብሆን ወንበሩን አንስቼበት ነበር። እሷ ደብተሯን ከፍታ ቀኑን ጻፈች፣ ያለውንም ቃል በቃል ገለበጠች። ያንኑ የደዶ ወረቀት መልሳ አስገባች፤ ሼኹ የነበሩበት ቦታ ሁሉ ላይ «መምህር ደምመላሽ በክፍል ውስጥ እንዳስተማሩት» የሚል ተክታ። ዘጠና አራት አገኘች። «ግሩም የምንጭ አጠቃቀም» ብሎ ፈርሞበታል።

ወረቀቱን ሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችው። ገጽ በገጽ አገላበጥኩት፤ ሼኽ አብዱልሃዲ የትም የሉም።

«እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት፣ ተናድጄ።

«አልፌያለሁ አይደል? ሌላ ምን ላድርግ?» ብላ ዓይኗን በቀለም እጇ ጠረገች።

በዚያው ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ሼኹ ናቸው፤ እየሠራች ስለምታወራ ድምፁን ለቀቀችው።

«አለፍሽ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አልፌያለሁ አባ።»

«ያልኩሽን ጻፍሽው?»

«አንድም አልቀረ፣ ወላሂ።»

ሽማግሌው የሚጠይቁት ነገር አሳፍሯቸው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሜንስ? አስተማሪሽ አየው?»

ማሂራ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

«አዎ አባ፣ አይቶታል» አለቻቸው።

አልዋሸችም። አይቶታል፤ ያኔ፣ በቀይ እስክሪብቶ።