ሰርክአዲስና የእኔ ዳማ ፈረስ

በእንጅባራው የፈረስ በዓል ከፊት የምጋልበው እኔ አዝመራው ነኝ። ይሄን ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ የማያውቅ የለም። እንደኔ ፈረስ የሚገራ ማን አለ? ጥርባ ሜዳ ላይ የፈረጠጠ ድንጉላ ፈረስ በጆሮው ይዤ አቁሜያለሁ፤ ያውም ታምሜ! ዘንድሮ ግን የፈረሰኞች ማኅበሩ «ከፊት ዶክተር ሰርክአዲስ ትሁን» ብሎ አረፈው። ታዲያ ሰው አይቀናም?

ሰርክአዲስ የጎረቤቴ የገሠሠ ልጅ ናት። ልጅ ሆና ዘገምተኛ ነበረች። ጨው ግዢ ብትባል መንገድ ላይ ጉንዳን ስታይ ነው የምትውል። የእኔ ልጅ ማናየሽ በሩጫ ደርሳ ትመለስ ነበር። ማናየሽ ዛሬ ዳንግላ ላይ ሱቅ አላት፤ ሱቅ ምን አነሰው?

ዘገምተኛዋ ባሕር ዳር ተማረች፣ ከዚያ ጀርመን ሄደች። እዚያ ቺፕ ነው የምትሠራ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ የእሷ ግን ከቁንጫ ያነሰ ሆኖ፣ ከሬዲዮ ሞገድ በላይ፣ ከብርሃን በታች የሚርገበገብ ሞገድ ያወጣል። ቴራኸርዝ ይሉታል። ልብስና ወረቀት አልፎ ያያል አሉ። መጀመሪያ የሠራችው ሁሉ ይቃጠልባት ነበር። በማጉያ መነጽር እያየች ቀጭን መርፌ ስታስነካው፣ እጇ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የወራት ልፋቷ አበቃ። አብረዋት የጀመሩት ተሰላችተው ሌላ ሥራ ያዙ፤ እሷ ቀረች። ኋላ አንዱ ሳይቃጠል ሞገዱን አወጣላት፤ ፈረንጆቹም መምህር አደረጓት። እኔን ፈረስ ስንቴ ጥሎኛል፣ ማን መምህር አደረገኝ?

ለበዓሉ ስትመጣ ገሠሠ ግቢ ተሰብስበን በሰው ፊት ያዝኳት።

«ያ ሞገድሽ የእንጅባራን ጉም ያልፋል?»

«ብዙ አይሄድም፣ አያ አዝመራው። ውኃ ይበላዋል።»

«የእኔ ጩኸት ያልፋል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደስ አለኝ።

«ውኃ ስለሚበላው እኮ ነው የሚጠቅመው» አለች ረጋ ብላ። «በድንች ቅጠል ላይ ስንለቀው፣ ቅጠሉ ገና ሳይጠወልግ ውኃ እንደጠማው ይነግረናል።»

ሰው ሳቁን ትቶ ወደሷ ዞረ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«እንግዲያው ዳማዬ ላይ ከወጣሽ ከፊት ሂጂ። ከጣለሽ ቦታው የእኔ ነው!» አልኩ። ዳማዬ ከእኔ ሌላ ሰው በጀርባው አስቀምጦ አያውቅማ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ይኸነው «አንተ አዝመራው፣ የሰው ልጅ ልትገል ነው?» ብሎ ተቆጣ።

«ግድ የለም፣ ይተዉአቸው» አለችው ሰርክአዲስ።

ዳማዬን ከግቢዬ ስቤ አመጣሁት። ጆሮውን አጥፎ አሽካካባት። አልሸሸችም፣ ልጓሙንም አልያዘች። እጇን ዘርግታ ቆመች። ቆመች። ሰው ሰልችቶት ወሬ ጀመረ። እጇን አየሁት፤ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ያ ከሃዲ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ትከሻዋ ላይ ጣለው። ወጣችበት።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ምንም። ከዚያ ከመርፌው የተማርኩት ነው፤ እስኪረጋ መጠበቅ።»

በበዓሉ እሷ በዳማዬ ከፊት፣ እኔ በይኸነው አሮጌ ባዝራ ከኋላ። እልልታው ለእሷ፣ አቧራው ለእኔ። ያ ፈረስ አንዴ እንኳ ዞሮ አላየኝም። እሷ ወደ ጀርመን ተመልሳለች። እሱ ግን ጠዋት በሩን ስከፍትለት፣ ዛሬም ወደ ገሠሠ ግቢ ነው የሚያይ።